ሦስተኛው ጥሪ

ሰው "ጆሮ" ይለኛል። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ ብቻ የቱ ጋ እንደታመመ እናገራለሁ። ከዚህ ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም።

እናቴ ግን አርባ ዓመት የሞላኝን ሰውዬ "ማሙሽ" ነው የምትለኝ። የምሠራበትን ክፍልና የእሷን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። በየጠዋቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በልሳን ትጸልያለች። እኔም በየጠዋቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ከሁሉም የሚጮኸውን የፋብሪካ መኪና አስነሳለሁ። ደንበኛ ሲመጣ "ሙከራ ላይ ነኝ" እላለሁ፤ እውነቱ ግን ያንን የማይገባኝን ድምፅ ላለመስማት ነው። ያሳፍረኛል። አክስቴ እንኳ፣ እሷም ጸሎተኛ ሆና፣ ልሳን በሐዋርያት ዘመን ቀርቷል ባይ ናት፤ በዚሁ ነገር ከእናቴ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። ቃል ከሆነ ትርጉም ይኑረው፣ ከሌለው ጫጫታ ነው፤ በቃ።

ትናንት ይህንኑ ለአንድ ደንበኛ ሳስረዳ እናቴን አስመስዬ አነበነብኩ። ደንበኛው በሳቅ ፈረሰ። ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ይቅርታ ብላት "ይሁን" አለችኝ፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ ስንበላ ደህና ነበረች። ሁለት ሰዓት ላይ እሷ ልሳኗን ጀመረች፣ እኔ መኪናዬን አስነሳሁ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መኪናውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ጩኸቱ ቆመ። መለዋወጫ ዕቃ ሻጩ ጋ ደውዬ ሳናግር እናቴ በግድግዳው በኩል ስትጠራኝ ሰማሁ፤ "መጣሁ" አልኩና ወሬዬን ቀጠልኩ። ወዲያው መልሳ ልሳኗ ውስጥ ገባች። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አላቆመችም።

ሦስት ተኩል ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። በሩን ስከፍት አልጋዋ ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛዋለች። ያንኑ የማይገባ ነገር ቀስ ብላ፣ ደጋግማ፣ እንደሚለምን ሰው ተናገረች። ሆን ብላ የምትወጋኝ መሰለኝ።

"ስለ ትናንቱ ከሆነ ይቅርታ ብያለሁ፣ እማዬ። በይ ጨርሺ" አልኳትና በሩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሥራዬ ላይ አቀረቀርኩ።

አምስት ሰዓት ላይ የጸሎት ጓደኛዋ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ የተጠገነ መኪናቸውን ሊወስዱ መጡ። ዛሬማ ጓደኛዎ እስካሁን ከሰማይ አልወረደችም ብዬ ላሾፍ ሞከርኩ። እትዬ አልሳቁም። ግድግዳው አጠገብ ቆመው አደመጡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ይሄ ልሳን አይደለም" አሉ።

በምን እንዳወቁ ጠየቅኳቸው፤ ለእኔ ያው ነበር።

"ለእኔ ልሳን አልተሰጠኝም። ዐሥራ አምስት ዓመት ለምኜ አልተሰጠኝም። አጠገቧ ተንበርክኬ የሷን ስሰማ ነው የኖርኩት። የሷ ይፈሳል። ይሄ መውጫ የጠፋበት ሰው ድምፅ ነው።"

ሮጠን ገባን። ወደ እኛ ስትዞር ግማሽ ፊቷ ወርዷል። ቀኝ እጇን ለቀቀችው፤ እጇም ዝም ብሎ ወደቀ። በታክሲ ይዘናት ሆስፒታል ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ምርመራው አልቆ ሐኪሙ ሲወጣ ስድስት ከሩብ ሆኗል። ስትሮክ ነው አለን። አንጎሏ ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ሕመሙ ከጀመረ አራት ሰዓት ተኩል ካለፈው ያደማታል፣ ሊገድላትም ይችላል።

"ለመጨረሻ ጊዜ ደህና እንደነበረች በእርግጠኝነት የምታውቀው መቼ ነው?"

ቁርስ ላይ አልኩት። በጣቱ ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። እንደዚያ ከሆነ ጊዜው አልፏል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጥርት ያለ ቃል ስትናገር የሰማ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠዋቱን ሙሉ ከእሷ አንድ ግድግዳ ርቄ ተቀምጬ ጸሎቷ የቱ ጋ አልቆ ሕመሟ የቱ ጋ እንደጀመረ አላውቅም።

እትዬ ክንዴን ያዙኝ። "ልሳኗን ስትጨርስ ሁልጊዜ አንተን ትጠራለች። በራሳችን ቋንቋ፣ ሦስት ጊዜ። ማሙሽ፣ ማሙሽ፣ ማሙሽ ብላ ለጌታ አደራ ትሰጥሃለች። ዛሬ አልሰማህም?"

በየቀኑ ሦስት ጊዜ። እኔ ደግሞ በየቀኑ በሞተር ስሸፍነው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ቺንጋው ተበጥሷል።

ስልኬን አውጥቼ የደወልኩበትን ሰዓት አየሁ። ዕቃ ሻጩ ጋ የደወልኩት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። የጠራችኝ ያኔ ነው አልኩት። ሐኪሙ ቃሉ ጥርት ያለ እንደነበር ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜም አዎ አልኩ። እንደገና ቆጠረ። "እስከ ሰባት ከሃያ ጊዜ አለን" ብሎ ወደ ውስጥ ተጣደፈ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። "ሦስቴ ጠራችህ?"

"ሁለቴ" አልኩ።

ሁለቱ ሙሉ ነበሩ። ሦስተኛው "ማ" ላይ ቆመ። አንድ ስፌት የዘለለ መኪና ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማኝ ሰውዬ ያንን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ "መጣሁ" አልኩና ስለ ቺንጋ ቁጥር አወራሁ።

እትዬ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቼ እሷ ወዳለችበት መጋረጃ ተጠጋሁ። ነርሷ ግባ አላለችኝም፤ ከውስጥ ግን መውጫ የጠፋበት ያ ድምፅ ይሰማል።

"መጣሁ፣ እማዬ" አልኳት። "በይ ጨርሺ።"

ጆሮዬን መጋረጃው ላይ አድርጌ ሦስተኛውን ጠበቅኩ።