የአጫራቹ ወንበር

ቨርሊን ቲያደን በጉብዝናው ዘመን የሞተ ትራክተር ሸጧል ይባላል። መሸጡ አይደለም የሚገርመው፤ ገዢው ትራክተሩን አስጎትቶ ሲሄድ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለቱ ነው። በአሜሪካ፣ በሰሜን ምዕራብ አዮዋ፣ ገበሬ አርጅቶ ወይም ሞቶ ቤቱ ሲዘጋ ዕቃው ግቢው ላይ ተዘርግቶ በጨረታ ይሸጣል፤ የድርቆሽ ጋሪ ላይ ወጥቶ የሚያጫርተው ደግሞ ቨርሊን ነበር። ምላሱ አንዴ ከተፈታች ቁጥሩ ከአፉ እንደ ተልባ ይንሸራተታል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተፋጦ፣ እቤቱ ሦስት መሰላል ያለው ሰው አራተኛውን ተሸክሞ ይገባል።

ከሌላው አጫራች የሚለየው ግን ምላሱ ብቻ አልነበረም። ባለቤቶቹ የዕድሜ ልክ ዕቃቸው ሲሸጥ ላለማየት ኩሽና ውስጥ ሲደበቁ፣ ቨርሊን ገብቶ እጃቸውን ይዞ ያወጣቸዋል። «የተሰረቀ ዕቃ ነው እንዴ የምንሸጠው? ና፣ ከጎኔ ቁም! ሰው ማን እንደነበርክ ይይ።» ደግሞም የጨረታውን የመጨረሻ ዕቃ ራሱ ገዢው ቤት ድረስ ያደርሳል። ቦታው ያስቀምጣል፣ ገዢውን ይጨብጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀኑ አለቀ የሚለው።

ያ ሰው ዛሬ ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ቅቤውን አልጋው ሥር ይደብቃል። በፀደይ ጊዜ አንድ ማለዳ በፒጃማ አውራ ጎዳና መሃል ቆሞ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ሲያጫርት ተገኘ። ሹፌሮቹ እንዳወሩት ከሆነ ዋጋው መጥፎ አልነበረም።

አንድ ልጁ ጃኔል የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከዴ ሞይን ከተማ ጓዟን ጠቅልላ መጥታ፣ እሱ ሲነሳ እየተነሳች፣ ምድጃውን ሲለኩስ እያጠፋች ሐምሌን አጋመሰችው። በመጨረሻ ከከተማው ዳር ባለው «ሜዳው» በሚባለው፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት አንድ ክፍል ተለቀቀ። ቤቱን የምትመራው ሮክሳን ደርባባ ሴት ናት፤ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት።

«ጎትቼ የማስገባው ሰው የለም» አለቻት። «በእግሩ ይግባ። ክፍሉን እስከ ሰኞ አቆይልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠብቁ አሉ።»

ጃኔል ደጋግማ ወሰደችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቨርሊን የመኪናውን ቀበቶ ጨምድዶ ይይዛል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እስኪ እንየው ብዬ ነው፣ አባዬ። ደስ የሚል ቦታ ነው።»

«ሻጭ መሆኔን ረሳሽ? ደስ የሚል ቦታ የተባለ ሁሉ ጣሪያው ያፈሳል። መልሺኝ!»

ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። ሆቴል ነው በዪው፤ ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው በዪው። ጃኔል ቀለሙን ሞከረችው። አባቷ ጣቷን አየ፣ ልብሷን አየ፣ «ታዲያ ቀለሙ የታለ?» አላት። ዕድሜውን ሙሉ የገዢና የሻጭ ውሸት ሲያሸት የኖረ አፍንጫ ስሟን ቢረሳም ሥራውን አልረሳም።

ስለዚህ ልክ ያልሆነውን ነገር አደረገች። እሱ በሌለበት ዕቃው ቢሸጥና ቤቱ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው መሄዱ አይቀርም ብላ፣ ቅዳሜ ጨረታ ጠራች። ጎረቤታቸውን ድዌይንን «ዓሣ ማጥመድ ብለህ እስከ ማታ ይዘህልኝ ጥፋ» አለችው። ለማጫረት ከጎረቤት አውራጃ ክሬግ የሚባል ወጣት ተቀጠረ። የቨርሊንን ግቢ በሌላ አጫራች ማሸጥ በዚያ አገር የቄስን ቀብር በሌላ ሃይማኖት ቄስ እንደማስፈጸም ነው። ማንም ግን ደፍሮ አልነገራትም፤ እዚያ አገር ሰው ፊት ለፊት «ተሳስተሻል» አይባልም፣ «እንግዲህ፣ የተለየ አካሄድ ነው» ነው የሚባለው። ሦስት ሰው እንደዚህ ብሏት ነበር። ማበረታቻ መስሏት አመሰገነቻቸው።

ቅዳሜ አገሩ ሁሉ መጣ። ፒክአፑ መንገዱን ግራና ቀኝ ዘጋው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሎሚ መጠጥና ፓይ ዘርግተዋል፤ ፀሐዩ በቆሎውን ሳይቀር ያልበዋል። ክሬግ ጋሪው ላይ ወጥቶ የመብራት ማቆሚያ ከፍ አደረገ።

«አምስት ዶላር! አምስት ማን አለኝ?»

አንድም እጅ አልተነሳም።

«እሺ ሦስት! ሦስት የለም?»

ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «አንቺ ውሰጂው እንጂ፣ ለሳሎንሽ ይሆናል» አለች። «ኧረ እኔ ምን ልሁን ብዬ! አንቺ ውሰጂው።» «የለም የለም፣ አንቺ።» የቨርሊንን መብራት፣ ቨርሊን በሕይወት እያለ፣ ከጀርባው መግዛት ለማንም አልዋጥ አለ። እንዳይሄዱም ነውር ሆነባቸው። እጃቸውን ኪስ ከተው ቆሙ።

ክሬግ ላቡን ጠርጎ ወደ ጃኔል ጎንበስ አለ። «እመቤቴ፣ ጨረታ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት ነው የጠሩኝ?»

ይኼኔ የድዌይን መኪና ግቢው ውስጥ ገብታ ቆመች። ቨርሊን የዓሣ ማጥመጃ ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ ከዘራውን ይዞ ወረደ። ዓይኑ በርቷል።

ጃኔል ወደ ድዌይን ሮጠች። «ምን ነካህ? ማታ ነው ያልኩህ እኮ!»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ድዌይን። «ዓሣው እንቢ ብሎን ቦታ ልንቀይር በዚህ ስናልፍ፣ መንገድ ላይ የቆሙትን ፒክአፖች አየና ‹ጨረታ አለ፣ አዙር› አለኝ። ቨርሊን አዙር ሲል የማያዞር እጅ አልተሰጠኝም።»

ቨርሊን ሰዉን እየሰነጠቀ ጋሪው ሥር ደረሰ። ክሬግን ሽቅብ አየው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ በቁሙ ቀበርከው እኮ! ውረድ።» ክሬግ ሳያስበው ወረደ። ሽማግሌው ከመውጣቱ በፊት ግን እንደ ልማዱ ጠየቀ፦ «የማን ዕቃ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጃኔል ዞረ። ድዌይን ከጃኔል ጀርባ «የአንድ ዘመድ ነው በዪው» ብሎ አንሾካሾከ። ጃኔል አባቷን አየችው። ቀለሙን አሰበች። ደግሞም ገና ልጅ ሳለች እያየች ያደገችውን፣ ከኩሽና በእጁ ተይዞ የሚወጣውን ሽማግሌ ሁሉ አሰበች።

«ያንተ ነው፣ አባዬ።»

ቨርሊን መብራቱን አየ፣ መሰላሎቹን አየ፣ ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ቡናማ የቆዳ ወንበር አየ።

«የት ልሄድ ነው?»

«ሜዳው። ትረሳለህ፣ አባዬ። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም።» «እንቢ ካልክ…»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አላት ተቆጥቶ። «ባለቤቱን ዓሣ አስጠምደሽ መደበቅ ከማን ነው የተማርሽው? እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ?»

«አይደለህም።»

«ታዲያ ነይ። ከጎኔ ቁሚ።»

እጇን ይዞ ጋሪው ላይ አወጣት። ጉሮሮውን ጠረገ። የልጁን ስም የማያገኘው ምላስ ቁጥር ሲነካ ከሰንሰለት እንደተፈታ ውሻ ወጣ። «አምስት አለ አምስት፣ አምስት ወዲህ፣ አሥር ወዲያ፣ አሥር በለኝ አንተ ራሰ በራ፣ መብራት የሚያስፈልገው ለፀጉር አይደለም፣ አሥር አለ አሥር!» ራሰ በራው እጁን አነሳ። የሳቁ ድምፅ የበቆሎ ማሳው ውስጥ ያሉትን ወፎች አስነሳ።

ከዚያ በኋላ ኪስ ውስጥ የቀረ እጅ አልነበረም። መሃል ላይ ቨርሊን ዕቃው የራሱ መሆኑን የረሳው ይመስላል፤ ወይም አልረሳውም፣ ጃኔል መለየት አልቻለችም። አሮጌ ቦት ጫማ አንስቶ ተረከዙን ለሕዝቡ አሳየ። «እዩት፣ እኩል ነው ያለቀው። የዚህ ጫማ ባለቤት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር።» ቀጥሎ መጥረጊያ አነሳ። «ሚስቱ ስትሞት የተገዛ መጥረጊያ ነው፣ ምንም አልተነካም። አዲስ ነው ብላችሁ ግዙ!» ከዚህ ሁሉ ሰው ጮክ ብሎ የሳቀው ክሬግ ነበር። መሰላሉንም የገዛው እሱ ነው። ለምን እንደገዛው ራሱም አላወቀም።

ጃኔል ከጎኑ ቀጥ ብላ ቆማ ዕቃውን ታቀብለዋለች። መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር። የሰዉን ፊት ስታይ ግን ቀና አለች፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚያየው በሽተኛ አይደለም።

በመጨረሻ የቀረው ወንበሩ ነው። ድዌይን ተጫረተ፣ ራሰ በራው ጨመረ። ከሎሚ ጠረጴዛው ወዲያ የገለባ ኮፍያ ያደረገች ሴት እጇን አነሳች፤ ሮክሳን ነበረች። ድዌይን አወቃትና እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ራሰ በራውም አወረደ።

«አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! ለኮፍያዋ እመቤት ተሸጠ!» ቨርሊን ከዘራውን በጋሪው ወለል ላይ አጮኸው። «እመቤቴ፣ የት ላድርስልዎት?»

«ሜዳው ነው፣ አቶ ቲያደን።»

ቨርሊን ወንበሩን በከዘራው ጠቆመ።

«ታዲያ ጫኑት እንጂ» አለ።

የድዌይን ፒክአፕ ኋላ ላይ ወንበሩ ተጫነ። አባቷ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ ብትለምነው «ዕቃውን ማን ይይዘዋል?» ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ድዌይን በቀስታ ነዳ። ከኋላ ሌሎቹ ፒክአፖች ማንም ሳያዛቸው ተከተሉ። በከተማው ዋና መንገድ በየደጁ የቆመ ሁሉ እጁን ያነሳል፤ ቨርሊን ደግሞ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ጣቱን እየቀሰረ «አየሁህ! ጨምር!» ይላል።

በሩ ላይ ሲደርሱ የመኪና ቀበቶ የሚጨመድድ ሰው አልነበረም። ቨርሊን ከፊት ቀድሞ ገባ። «አጋድሙት! የበሩን ቀለም እንዳትልጡት! ከመስኮቱ አጠገብ፣ በቆሎው እንዲታይ።» ወንበሩ ቦታውን ያዘ። ሮክሳንን ጨበጣት። ሁሉ ነገር እንደሚገባው ሆነ።

ከዚያ፣ ዕቃውን ለመፈተን ነው መሰል፣ ተቀመጠበት።

ጃኔል ከፊቱ በርከክ አለች። አሁንም ልትዋሸው አልፈለገችም። «አባዬ፣ እኔ መሄዴ ነው። አንተ እዚህ ትቀራለህ።»

«የተሸጠ ዕቃ በኔ ጨረታ ተመልሶ አያውቅም» አለ በቆሎውን እያየ። ዓይኑ ላይ የነበረው ብርሃን ደከም ማለት ጀምሯል። ዞሮ ፊቷን ሲመረምር ቆየ። «አንቺ… ዛሬ ጋሪው ላይ ከጎኔ የቆምሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

ጃኔል ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ልክ እሱ እንደሚጠርገው።

«የአጫራቹ።»

«ያስታውቃል» አለ ቨርሊን። «አቋቋምሽ ያስታውቃል።»