ከወንዶች በር የተጀመረው ንባብ

ዶክተር ቴዎድሮስን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው አይመስለኝም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ወሬውን አለሳልሼ ደግ ሰው እንዳልመስል ነው።

ምሕረት እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነገሩ የሆነው ግን ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ማርያም ደን ውስጥ ነው። የዚያች ደብር የንባብ መምህር የኔታ ስመኘው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለልጆች ፊደልና ዳዊት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከትምህርት የተረፋቸውን ጊዜ ደግሞ ለኦርኪድ ሰጥተዋል። ነፋስ ቅርንጫፍ በሰበረ ቁጥር እላዩ ላይ የበቀለውን ኦርኪድ ያነሡና ሌላ ዛፍ ላይ በልጥ ያስሩታል፤ በጋ ሲሆን ውሃ ተሸክመው ያጠጡታል። ማንም አላዘዛቸውም። እንዲህ ያዳኗቸው አሥራ አምስት ተክሎች በደኑ መንገድ ዳር ከዛፍ ዛፍ ተሰልፈው ይኖሩ ነበር።

ነበር ነው የምለው። እዚህ ላይ ስደርስ ነው ደሜ የሚፈላው።

አምና ከአንድ የምርምር ተቋም ደብዳቤ መጣ። ተክሎቹ ብርቅ ስለሆኑ ወደ ከተማ ተወስደው በመስታወት ቤት ይጠበቁ ይላል። የደብሩ ሽማግሌዎች አንሰጥም አሉ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ስምምነት ተደረሰ፦ ጠባቂው እያንዳንዱን ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ለይቶ መጥራት ከቻለ ተክሎቹ እዚያው ይቆያሉ፤ ካልቻለ ይወሰዳሉ። ስድስት ወር ተሰጠን። ሠላሳ ዓመት ያጠጣ ሰው፣ ማጠጣቱን ለመቀጠል በላቲን ይፈተን! ፈረምን፤ ምን እናድርግ።

ባዮሎጂ ስለማስተምር ሽማግሌዎቹ ለምነውኝ አስተማሪያቸው እኔ ሆንኩ። በየቅዳሜው ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ ጥቂት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ። ሴት ነኝና የምገባው በደቡቡ፣ በሴቶች በር ነው። የኔታ በሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። ከዚያ ጀምረን በስተሰሜን እስካለው የወንዶች በር ድረስ ከዛፍ ዛፍ እየሄድን እናነባለን። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ። ፖሊስታኪያ ቤኔቲያና። ማይክሮኮሊያ ግሎቡሎሳ። እያለ እስከ መጨረሻዋ፣ እስከ ዲያፋናንቴ ይዘልቃል።

በመጀመሪያው ቀን «ተነሽ ነው ወዳቂ?» ብለው ጠየቁኝ። ግእዝ ሲነበብ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ አለማወቅ ነውር ነው። ላቲኑ እንዴት እንደሚነሣ ለእኔስ ማን ነግሮኝ? ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህራን አንዱ እንደ እንግሊዝ፣ ሌላው እንደ ጣልያን ነበር የሚያነቡት። የኔታ በእኔ ተስፋ ሲቆርጡ ራሳቸው ወሰኑለት። ብራኪካርፓን አንሥተው፣ ኤራንጊስን ጣል አድርገው ሲያነቡት ያ ደረቅ ስም ያምር ነበር። በሦስተኛው ወር አሥራ አምስቱንም አንዲት ሳያስቀሩ በቃላቸው ያወርዱት ጀመር።

ትርጓሜውን ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ይኸ ብራኪካርፓ የሚሉት ምን ማለት ነው?»

«መጀመሪያ ንባቡ ይጽና፣ የኔታ። ትርጓሜው ይደርሳል።»

ይህን አባባል የወሰድኩት ከራሳቸው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ልጅ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ምን እንደሚል የሚያውቀው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ከቀጠለ። የራሳቸውን ሥርዓት ስለጠቀስኩባቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው ዛፍ አለፉ። እውነቱን ልናገር? ሰልችቶኝ ነው። ደግሞም እኚህ ሽማግሌ ትርጉሙን ምን ያደርጉታል ብዬ ነው።

የፈተናው ቀን እንደ ልማዴ በሴቶች በር ቆሜ ጠበቅሁ። ከተቋሙ ሊፈትኑ የመጡት የእነ ዶክተር ቴዎድሮስ መኪና ግን መንገዱ በሚያመጣው በኩል መጥቶ በሰሜን ቆመ። ወንዶች ናቸውና በወንዶች በር ገቡ። የኔታም እንግዳ ሊቀበሉ ወደዚያው ሄደዋል።

ድምፃቸውን በዛፎቹ መሐል ሰማሁት። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ። ፖሊስታኪያ ቤኔቲያና። እንደዚያ ቀን አንብበው አያውቁም። ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ድምፁ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ገባኝና ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ።

ስደርስ ከአሥረኛው ዛፍ ሥር ናቸው። ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ኤክስ ያደርጋል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ በመቋሚያቸው እየመቱ፣ የመጨረሻዋን ተክል በመጀመሪያዋ ስም እየጠሩ ነበር የመጡት።

«የኔታ፣ ከዚያ ጫፍ ነው! ከሴቶች በር ነው የሚጀመረው!»

«እባክሽ አትንገሪያቸው» አለኝ ዶክተሩ።

ንባብ አንዴ ከተጀመረ መሐል ላይ አይቆረጥም፤ የኔታም እስከ መጨረሻው አወረዱት። ከአሥራ አምስቱ ስምንተኛዋ ብቻ መሐል ላይ ስላለች ገጠመች። «አንድ ልክ፣ እሱም በአጋጣሚ» አለ ዶክተሩ። ቀጥሎም «ደግሞ አባባ፣ ኤራንጊስ አይደለም፤ ኢራንጂስ ነው የሚባለው» አላቸው።

ያን ጊዜ አበድኩ። «አንተ ማነህና ነው የምታርማቸው? ላቲን የአባትህ ቋንቋ ነው? ከየት እንደጀመሩ እያየህ ዝም አልክ! በል ይቺ በየትኛው ወር እንደምታብብ ንገረኝ! ማን እዚህ እንዳሰራት ንገረኝ!»

ዶክተሩ አልጮኸም። መሐል ላይ ያለች አንዲት ተክል በእስክሪብቶው አሳየና «እሺ፣ ይቺስ ማናት?» አለ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከኤራንጊስ ጀመሩ። እዚያች ተክል ላይ ለመድረስ ከሥር መነሣት ነበረባቸው። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

«አየሽ፣ ጠባቂ ተክሏን አይቶ ስሟን የሚያውቅ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ዝርዝሩን ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ይበልጥ ያበገነኝም ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የጭነት መኪና መጣ። ሠራተኞቹ የኔታ ያሰሩትን ልጥ በቢላዋ እየቆረጡ ተክሎቹን በሣጥን ይደረድራሉ። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ እንግዲህ ትርጓሜውን ንገሪኝ።»

«አሁን ምን ያደርግልዎታል፣ የኔታ?»

«ንገሪኝ አልኩ።»

የአሥራ አምስቱንም ነገርኳቸው። ኤራንጊስ የአየር ዕቃ ማለት ነው፤ ብራኪካርፓ ባለ አጭር ፍሬ። ፖሊስታኪያ ብዙ ዛላ። ዲያፋናንቴ ብርሃን የምታሳልፍ አበባ።

«ጽርእ ነዋ፣ የግሪኮች ቋንቋ!» አሉና ከድንጋዩ ተነሡ። «ዛላ የምትይው እንደ ስንዴው ዛላ? ታዲያ ይቺ ነቻ፣ እንደ ስንዴ ዛላ የምታወጣው! ያቺ ጥግ ያለችዋ ደግሞ ዲያፋናንቴ ናት፤ ጠዋት ፀሐይ በአበባዋ ሲያልፍ ስንት ዘመን አይቻለሁ።» ከሣጥን ሣጥን እየሄዱ፣ ያለ ምንም ተራ፣ ያገኟትን ሁሉ በስሟ ጠሯት። አሥራ አምስቱንም። አንዷንም አልሳቱም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ዶክተር ቴዎድሮስ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሰማ፤ ወረቀቱ ግን ተፈርሞ አልቋል።

«ጎበዝ፣ አባባ» አለና በሩን ዘጋ።

መኪናው ተነሥቶ ሄደ። የተቆረጠው ልጥ በየዛፉ ሥር ወድቋል። የኔታ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ፤ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይኸ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ኖሯል?» አሉኝ።

ተቆጥተው ቢሆን አፍ አላጣም ነበር። እሳቸው ግን ልክ እንደ ተማሪ፣ ለማወቅ ብለው ነው የጠየቁኝ። «አዎ፣ የኔታ» አልኩ። እስከ ዛሬ ስለ ዶክተሩ ለሰው ሁሉ አወራለሁ፤ ስሙን ሳነሣ ድምፄ ይጨምራል። የምጮኸው ግን በማን ላይ እንደሆነ አውቀዋለሁ።