ለማንም አይስጡ

ዑሙልኸይር ማሽላ በጣሳ እየሰፈረች ሳለ ጉያዋ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። ገና ሳታወጣው ጀይሉ የራሱን ስልክ በእጁ ይዞ ከፊቷ ተገተረ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒዩተር ቤት አለው።

"ስልኩን አምጪው፤ መልእክት መጥቶልሻል" ብሎ እጁን ዘረጋ።

"መምጣቱን በምን አወቁ፣ ጋሼ?"

"ያስላክሁት እኔ ነኛ! የነዋልን ኢሜይል ልከፍት ነው። የይለፍ ቃሏን አውቀዋለሁ፤ እኔ ሱቅ ቁጭ ብላ፣ በአንቺ ቁጥር አይደል የከፈተችው? ይኸ እርጉም ግን 'በስልክ የላክሁትን ቁጥር አምጣ' ብሎ ገተረኝ።"

"ከፍተው ምን ሊያደርጉ?"

"'ትቼዋለሁ፣ አልመጣም' ብዬ ለትምህርት ቤቱ ልጽፍላት።"

የዑሙልኸይር ልጅ ነዋል ደሴ አክስቷ ዘንድ ናት። የነርስነት ትምህርት ቤት ተቀብሏት ሰኞ ልትገባ ነው። ጀይሉ ግን ለአንድ የጨፋ ሮቢት ከብት ነጋዴ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጥቷል።

የዑሙልኸይርን መልእክት ሁሉ የሚያነብላት እሱ ነበር። አምና የነዋል የፈተና ጥሪ ሲመጣ "የካርድ ማስታወቂያ ነው" ብሎ አጠፋው። ዑሙልኸይር የጎልማሶች ትምህርት የገባችው ያን ጊዜ ነው፤ በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ ጉልበቷ በልጆች ዴስክ ሥር አልገባ እያለ።

አሁን ስልኩን አውጥታ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች አነበበች። "ይህን... ቁጥር... ለማ... ለማንም... አይስጡ።"

"እሰይ፣ አነበብሽ! በይ አሁን ቁጥሩን ጥሪው።"

"ለማንም አይስጡ ነው የሚለው።"

"እኔን ነው ማንም የምትይኝ?"

ከጎኗ ሽንኩርት የምትሸጠው ዘይና ሳቀች። "ያ ረቢ! ጋሽ ጀይሉ ሲቀር ብለው አልጻፉማ!"

ዑሙልኸይር መልእክቱን ደግማ አየችው። ብሳሳትስ? በእኔ ድንቁርና ልጄ የገዛ ደብዳቤዋን መክፈት ቢያቅታትስ? ቢሆንም ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ሂን ኬኑ! አልሰጥም። ከቀረች ራሷ ትጻፍ።"

"ተይው። ሲሙ የወጣው በእኔ መታወቂያ ነው። አሁኑኑ ሄጄ አዘግቼ ለራሴ አስወጣዋለሁ። ያኔ ቁጥሩ ወደ ማን እንደሚመጣ እናያለን።"

እውነቱን ነው። ያኔ መታወቂያ አልነበራትም፤ ሲሙን ያወጣላት እሱ ነው። እሱ ዘወር ከማለቱ ነዋል ጋ ደወለች።

"ልጄ፣ አጎትሽ የይለፍ ቃልሽን ያውቃል። አሁን፣ አሁን ለውጪው! የእኔንም ቁጥር አጥፊና የራስሽን አስገቢ።"

"ምን ሆነሽ ነው፣ ኡሚ?"

"ኋላ እነግርሻለሁ፤ ቶሎ በይ!"

"እሺ፣ ቁጥር ይመጣልሻል፤ እሱን ንገሪኝ።"

ስልኩ ነዘረ። ይኸኛውም ለማንም አይስጡ ይላል፤ የምትጠይቃትን ድምፅ ግን ታውቀዋለች፤ የወለደቻት ልጅ ናት። ጀይሉ በስልክ ስታወራ ሰምቷት ተመልሶ ጆሮውን ሲያቆም ጀርባዋን ሰጠችው፤ በሻሿ ተከልላ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ አንሾካሾከች። አንዱን ሁለቴ አየችው፤ ስድስት ይሁን ዘጠኝ ተጠራጥራ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

"ጨርሻለሁ፣ ኡሚ። ከእንግዲህ የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ዑሙልኸይር የስልኩን ጀርባ በጥፍሯ ፈልቅቃ ሲሙን አወጣች፤ ጀይሉ መዳፍ ላይም አኖረችው።

"ይኸው፣ ጋሼ። በስምዎ ያለውን ይውሰዱ።"