መንገዱን ያላቀበልኩ ቀን

ቀናተኛ ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። የምቀናውም በሩቅ ሰው ሳይሆን በእህቴ ባል ነው። ሥራ ያስገባሁት እኔ፣ ሞተር መንዳት ያስተማርኩት እኔ፤ እህቴንም ያያት እኔ ጋብዤው ቤታችን ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ነው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እንዳልል፣ ሰውዬው አይናከስም። ቢናከስማ እንዴት በቀለለኝ።

ሁለታችንም የሆስፒታል መልእክተኞች ነን። ክትባትና መድኃኒት በማቀዝቀዣ ሣጥን ጭነን ተራራው ላይ ወዳሉት ክሊኒኮች እንወጣለን፤ ስንመለስ ለምርመራ የተቀዳ ደም ይዘን እንወርዳለን። መንገዱ ሠላሳ አንድ ኩርባ አለው፤ በአንድ ጎኑ አለት፣ በሌላው ገደል። አሥራ አንድ ዓመት ስመላለስበት አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም ነበር። የእህቴ ባል ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በሠርጉ ማግስት ሥራ ስለገባ «ሙሽራው» አልነው፤ ልጁ ጥርስ አውጥቶም ስሙ አልለቀቀውም። እኔን «ጋዜጣ» ይሉኛል።

ለምን መሰላችሁ፤ እኛ ዘንድ ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ። ከተራራው የወረደ ሰው ከሥሩ የነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ቆሞ፣ ለሚወጣው መንገዱን ያቀብላል። የቱ ኩርባ ላይ ውሃ ፈሷል፣ የት ድንጋይ ተንከባልሏል፣ የት ጭጋግ አለ። ሳያቀብል ወደ ቤቱ የሄደ እስካሁን አልታየም። ሌሎቹ በሁለት ቃል ይገላገላሉ። እኔ ግን ከላይ ጀምሬ፣ መንገድ ያቋረጠችውን ፍየልና ፍየሏ ያየችኝን አስተያየት ሳልተው እናገራለሁ። አንዳንድ ኩርባዎችንም ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠነኛው «አማት» ይባላል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሰፊና ገር ነው፣ ከገቡበት በኋላ ነው የሚጠበው።

የሙሽራው አማት ግን ጠባ አታውቅም። አማቱ የእኔ እናት ናት። እሱ ሲገባ «ደከመህ ልጄ?» ትለዋለች፤ እኔ ከኋላው ስገባ ጫማህን ጠርገሃል ወይ ትላለች። እሱ ሲያስል ማር ይፈለጋል፣ እኔ ሳስል መስኮት ይከፈታል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንደ ሕፃን በእናቴ እቀናለሁ ስል አላፍርም ብዬ አልዋሽም፣ አፍራለሁ። እፍረቱ ግን ቅናቱን አያስታግሰውም።

አንድ ነገር ብቻ አልነካብኝም ነበር። እህቴ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትደውልልኛለች። የምትጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መንገዱን አቀበልከው?» አዎ ስላት ስልኩን ትዘጋና ወደ ልብስ ስፌቷ ትመለሳለች። ባሏ ሲወጣ ልቧ የሚያርፈው በእኔ ቃል ነበር። ያቺን ጥያቄ ማንም ሊወስድብኝ አይችልም እል ነበር።

የዚያን ማክሰኞ በጠዋት ወጥቼ ስመለስ አማት ኩርባ ውስጥ ገባሁና የኋላ ጎማዬ ከዳኝ። አንዱ ገልባጭ መኪና ጠጠሩን አራግፎ ሄዷል፤ ልክ ኩርባው በሚጠብበት፣ ከታች የሚመጣ ሰው ሊያየው በማይችልበት ቦታ። እንደምንም አቅንቼ ስወጣ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህን ለሙሽራው ከሁሉ አስቀድሜ መንገር አለብኝ። እመኑኝ፣ ያኔ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ማደያው ጋ ደርሼ አየሁት። የአባቴን ጃኬት ለብሷል።

አባቴም በዚሁ መንገድ ሞተር ይነዳ ነበር። የቆዳ ጃኬቱ እሱ ከሞተ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ከእናቴ መኝታ ቤት በር ጀርባ ተሰቅሎ ኖሯል። ባለፈው ክረምት ለክቼው ዚፑ ሆዴ ላይ ሲደርስ አሻፈረኝ አለ፤ ትንሽ ልክሳ ብዬ መልሼ ሰቀልኩት። እናቴ እስክከሳ መጠበቅ ሰልችቷት ነው መሰለኝ። በሙሽራው ላይ ደግሞ ለእሱ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል፤ ትከሻው ላይ ቁጭ ብሏል።

«እማዬ ናት፣» አለኝ፣ ዓይኔን ተከትሎ። «ብርድ ነው ብላ ግድ አለችኝ፣ ጋሼ።»

እማዬ። እኔን የወለደችኝን እማዬ ይለኛል። ጥሩ ነው፣ ያምርብሃል አልኩት። ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ሣጥኑን አጥብቆ አሰረ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ጆሮውን ሊሰጠኝ ቆመ። ፍየሏን ሁሉ ሊሰማ ነው የቆመው።

«መንገዱስ?» አለ።

«ያው መንገድ ነው፣» አልኩት።

ትንሽ ጠበቀኝ። እኔ ጓንቴን ማውለቅ ጀመርኩ። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያንን ያለ ሰው የእኔን ሆድ አላየም። ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩና ሳላስበው ኩርባ መቁጠር ጀመርኩ። አሁን ሦስተኛው ላይ ነው። አሁን አምስተኛው። ትንሽ ቢንሸራተት ምን ይሆናል፣ እኔም ተንሸራትቻለሁ እኮ፤ ጃኬቱ ቢጫጫርበት ነው፤ ሞተር መንዳት ያለ ጋዜጣ ምን እንደሆነ ይወቅ። እንዲህ እያልኩ ስኳሩን ሳማስል ስልኬ ጮኸ። ሦስት ሰዓት ተኩል።

«መንገዱን አቀበልከው?» አለች እህቴ። ከጀርባዋ የስፌት መኪናዋና የልጁ ድምፅ ይሰማል።

«አዎ፣» አልኳት።

ዘጋችው። መኪናዋን መልሳ ስትረግጥ በዓይነ ሕሊናዬ ታየችኝ። ልቧ አርፏል። ሻዩን አልቀመስኩትም፤ ሞተሬ ላይ ስወጣም ሄልሜቴን ማሰሬን አላስታውስም።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን መንገድ እንደዚያ ወጥቼው አላውቅም። ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን ፍሬን ሳልነካ አለፍኩ። ጥሩንባዬን እየነፋሁ ነበር፤ ይሰማኝ ይመስል። ጥርሴን ነክሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዛሬን ብቻ እያልኩ እለምን ነበር። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ግን ከፊቴ ያለውን አስፋልት መመልከት ተውኩ። ዓይኔ ገደሉ ላይ ነበር፤ ቁጥቋጦው መሐል የወደቀ ጎማ፣ ቡናማ ቆዳ ስፈልግ።

ገደል ገደሉን እያየሁ አማት ውስጥ ገባሁ። ጠጠሩ የት እንዳለ ከሀገር ሁሉ የማውቀው እኔ፣ መሐሉ ገባሁበት። ሞተሩ ከእግሬ ሥር ወጣ፣ ሰማዩ ዞረ፣ በግራ ትከሻዬ አስፋልቱን መታሁት። የሆነ ነገር ውስጤ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ።

ዓይኔን ስገልጥ ሙሽራው ከላዬ ቆሟል። በእጁ የቅጠል መጥረጊያ ይዟል። ሞተሩን ከኩርባው አልፎ አቁሞ፣ ጠጠሩን ወደ ዳር እየጠረገ ነበር። አንዲት ጭረት የለበትም።

«አትንቀሳቀስ፣» አለኝ። አንገቴን፣ ጀርባዬን፣ እግሬን ዳሰሰ፤ የተሰበረው የትከሻዬ አጥንት ነው። ሻርፑን ፈትቶ ክንዴን ደረቴ ላይ አሰረልኝ። ከዚያ ስንቀጠቀጥ ሲያይ ጃኬቱን አወለቀና አለበሰኝ። ዚፑ አሁንም አልደረሰም።

እንዴት ሳትወድቅ ቀረህ አልኩት። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነው የጠየቅኩት።

«ዝም አልከኛ፣» አለ። «በሦስት ዓመት አንድ ቀን ዝም ብለኸኝ አታውቅም። መንገዱ ደህና ቢሆን እንኳ ስለ ፍየል ታወራልኝ ነበር። ስለዚህ ከአንደኛው ኩርባ ጀምሬ በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁ።»

ለምን አላለኝም። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት። ሣጥኑን ወደ ላይ ለሚወጣ የክሊኒክ መኪና አደራ ሰጥቶ፣ ከኋላው አፈናጠጠኝና በደህናው እጄ ወገቡን ይዤ፣ ሠላሳ አንዱን ኩርባ በስም የማውቀው ሰው እንደ ዕቃ ተጭኜ ወረድኩ። በየኩርባው ሳይናወጥ ሲያዞር፣ እንዲህ አሳምሮ የሚነዳው ማን አስተምሮት ነው አልኩና ቀናሁ። ያስተማርኩት እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አለቀስኩ፤ ሄልሜት ውስጥ ስለሆነ ማንም አላየኝም።

ቤት ስደርስ ትከሻዬ በፋሻ ተጠምጥሟል። እናቴ ትራስ በትራስ ላይ ስትከምር፣ ሙሽራው በሩ ላይ ቆሞ የሆነውን ነገራት። ጠጠር ነበረ፤ ጋሼ ሊነግረኝ ሲከተለኝ እሱው ወደቀበት። ይኸው ነው ያለው። ውሸት የለበትም፤ እኔ ያጎደልኩትን ትቶ ነው የነገራት። እናቴ ግንባሬን ሳመችው። «የኔ አንበሳ፣» አለችኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው፤ እሱ አቀብሏት ባትሰጠኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ነውሬን እንኳ ከእኔ አሳምሮ ተሸከመው።

እህቴ ከበሩ ጥግ ሆና ልጁን ታቅፋ ትሰማለች። ሁሉም ሲወጡ ውሃ ይዛልኝ ገባች። አጠጣችኝ፤ አገጬ ላይ የፈሰሰውን በመዳፏ ጠረገችልኝ።

«ስደውልልህ አቀበልኩት ብለኸኝ ነበር፣» አለች።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ጋዜጣ ነኝ እኮ። ጠጠሩ በኋላ ነው የፈሰሰው ልል እችል ነበር፣ ሌላ መንገደኛ ነገረኝ ልል እችል ነበር። ዓይኗን አይቼ አንዱንም አላወጣሁትም።

«አላቀበልኩትም፣» አልኳት።

አልጮኸችም። ብርጭቆውን ከአልጋው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዬ ሳበችልኝ፣ ጃኬቱን ከወንበሩ አንስታ በር ጀርባ ሰቀለችው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አራት ሰዓት ሲሆን እናቴ ገብታ፣ እህትህ ከማደያው ሻይ ቤት ሰዎች ጋር ተስማማች፣ ከእንግዲህ የሚነግሯት እነሱ ናቸው አለችኝ። አንተን ላለማስቸገር ነው ስትል ጨመረች፣ ትራሴን እያስተካከለች።