ፀጉሩ የተገለበጠ ከፋይ

እትዬ መቀስ መስማት ካቆመች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። በልብስ ፋብሪካ ቆራጭ ናት፤ ሥራዋን የሚያማ የለም። አለቃዋ ግን ሊያናግራት ሲመጣ ፊቷ ላይ ይጮኻል፤ እሷም ገባትም አልገባትም ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ምን ታድርግ? ድገመው ያለች እንደሆነ የባሰ ይጮኻል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ናት። ኢንተርኔት ላይ፣ ሰው ሁሉ በሥዕል አካል የሚዘዋወርበት አንድ ዓለም አለ፤ እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ያለው ክፍል ከፍታ የልብስ ቅድ ታስተምራለች። ምዝገባ የለ፣ ፈተና የለ፤ የፈለገ ገብቶ ይቀመጣል። "እትዬ መቀስ" ያሏትም ተማሪዎቹ ናቸው። ሁሉም ነገር ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፍ ትሰማለች አትሰማም ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም አልተናገረችም። ደንቆሮዋ የማትባልበት ቦታ ያ ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱን ከማጣት ደሞዟን ብታጣ ይሻላት ነበር።

ከዚያ የዓለሙ ባለቤቶች በድምፅ ማውራት እንዲቻል አደረጉ። ተማሪው ሁሉ ደስ አለው። በተለይ ዓይናቸው የደከመው ጡረተኛ፣ ጋሼ ሾፌር፣ እፎይ አሉ፤ እሷ የጻፈችውን የሚያነብላቸው አላጡም። በአፍ ማውራት ከተቻለ ደግሞ ማን ይጽፋል? ሰሌዳው ላይ የእሷ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። እጁን የሚያነሳ ሲኖር እትዬ መቀስ ሥዕሏን ጭንቅላት የሚያስነቀንቀውን ቁልፍ ትጫናለች፤ የለመደችው እሱን ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ድንቢጥ እጇን አነሳች። ድንቢጥ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ አንድ ልብስ ቤት ከፋይ ጨርቅ ሰጥቶ "ኮት ሰፍተሽ አምጪ፣ ካማረን እንቀጥርሻለን" ብሏታል። ጨርቁ አጠራት። "እጅጌውን ገልብጬ ብቆርጠው ይሆናል?" ብላ በድምፅ ጠየቀች። እትዬ መቀስ ነቀነቀች።

ከፋይ ግን ፀጉር አለው። አንዱ ቁራጭ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ከተቆረጠ ያው ጨርቅ ሁለት ቀለም ይመስላል። እዚያ ዓለም ውስጥ ያለው ጨርቅ ሥዕል ነው፤ ፀጉር ስለሌለው ነገሩ ተነስቶም አያውቅ።

ረቡዕ ከድንቢጥ ፎቶ መጣ። ኮቱ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ እጅጌዎቹ ግን ከሌላ ሰው ኮት የተበደሩ ይመስላሉ። ከሥሩ "እትዬ፣ ይሆናል ብለሽኝ እኮ ነው። የማስረክበው አርብ ነው" ይላል።

ኢንተርኔቱ ተቋርጦብኝ ነበር ብትል ማን ያውቅባታል? አፈረች። ሦስቴ ጽፋ ሦስቴ አጠፋች። በመጨረሻ፣ "አልሰማሁሽም። መስማት ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የነቀነቅኩት ገብቶኝ አይደለም" ብላ ላከች።

በልቧ አለቀልኝ አለች።

"ታዲያ ጻፊልኝ ማለት ምን ነበረበት?" አለች ድንቢጥ። "እጄ አልተሰበረ። አሁን ኮቱን ምን ላድርገው?"

ተቀይማለች፤ ቢሆንም ጠየቀች። እትዬ መቀስ አሰበችና፣ "አንገትጌውንና የኪሶቹን ክዳን ፍቺ፣ ገልብጠሽ መልሰሽ ስፊ። ከእጅጌው ጋር ሲመሳሰሉ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል" አለቻት። አርብ ልብስ ቤቱ ኮቱን ወሰደ፤ ስለ ቅጥሩ "እንደውልልሻለን" ብቻ አላት።

ቅዳሜ እትዬ መቀስ ክፍሉን የከፈተችው ለመሰናበት ነው። እውነቱን ለሁሉም ጻፈች። "ጋሼ ያለ ድምፅ አይሆንላቸውም፣ እኔ ያለ ጽሑፍ አይሆንልኝም። እኔ ብሄድ ይቀላል።"

ድንቢጥ ተነስታ ሰሌዳው አጠገብ ቆመች። "የሚባለውን ሁሉ እኔ እጽፍልሻለሁ" ብላ ጻፈች። "እንደ ነቀነቅሽብኝ ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው? ይልቅ የዛሬውን ጀምሪ።"

የዛሬው ስለ ከፋይ ነበር። "ከፋይ እንደ አማት ነው" ብላ ጀመረች እትዬ መቀስ፣ "ያለ አቅጣጫው ከዳበስሽው ፊቱን ይለውጥብሻል።" የተማሪዎቹ ሥዕሎች ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ የድንቢጥ ጽሑፍ መጣ።

"ጋሼ እየሳቁ ነው። ሁሉም እየሳቁ ነው። ይሄን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።"

እትዬ መቀስ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ትንሽ ቆይታ መልሳ አሳረፈቻቸው።

"ሲጨርሱ ንገሪኝ" ብላ ጻፈች፤ ጠበቀችም።