ጥቁር 17

ቁጡ ናት ይሉኛል። አዎ ነኝ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በግብርና ምርምር ተቋሙ ከአለቃዬ ከእትዬ ጋር ቦሎቄ ሳዳቅል ኖሬአለሁ። በማለዳ፣ አበባው ሳይፈነዳ በወረንጦ እንገልጠዋለን፤ ወንዴውን እንነቅልና ከሌላው ተክል ያመጣነውን ብናኝ አስነክተን ክር እናስርበታለን። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ «ወረንጦ» ብለው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ገበሬው ሁሉ የሚዘራትን ቀይዋን ቦሎቄ ያወጡት እትዬ ናቸው። ከሳቸው በፊት እዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሞከረ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ሰው ግን ቀይዋን እንጂ የተዳቀለችባትን እናቷን አያውቅም። እናቷ ጥቁር ናት፤ ደቃቃ፣ ገበያ የማትወጣ፣ ግን ሥር አበስብስ የሚባለው በሽታ የማይደፍራት። ዘሯን በካኪ ፖስታ አድርገው፣ በእርሳስ «ጥቁር 17» ብለው ጽፈው ቀዝቃዛው ክፍል ያኖሯት ነበር። በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ እርጥበት ሲነካው ይለቃል። በየሦስት ዓመቱ እየዘራን እናድሳታለን። ሊያርፉ ሳምንት ሲቀራቸው እጄን ይዘው፣ «ወረንጦ፣ ቀይዋ አንድ ቀን መታመሟ አይቀርም። ያኔ እናቷን ጥሪልኝ፣ አደራ!» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ዘንድሮ ታመመች። ገበሬው ወንድሜ የተነቀለ ቦሎቄ ታቅፎ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል።

«እትዬሽ ጉድ ሠሩን! ማሳዬ በሙሉ እንዲህ ሆኗል። ልጆቼን ምን ላብላ?»

«የሞተ ሰው አትውቀስ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ታዲያ ማንን ልውቀስ እህቴ? ዝራ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ። «ጠብቀኝ፣ መድኃኒቷ እዚሁ ናት፤ ከእናቷ ጋር መልሼ አዳቅላታለሁ» ብዬ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሄድኩ። መደርደሪያው ባዶ!

«የተቋሙ ዳይሬክተር ለመታሰቢያው አስወጥተውታል» አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሻዩን እያማሰለ። አዳራሹ በእትዬ ስም የሚመረቀው በዚያው ቀን ነበር። «ገበያ የማይወጣ አሮጌ እህል ነው ተብሎ ሠዓሊው ወሰደው።»

ሠዓሊ?! እየሮጥኩ አዳራሹ ገባሁ። እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ እትዬ አሉ፤ ሰው የሚያክል ምስል፣ ከዘር የተሠራ። ፊታቸው ነጭ ቦሎቄ፣ ቀሚሳቸው ቀይ፣ ፀጉራቸውና ዓይናቸው ጥቁር። ጥቁር 17! አንድ ፍሬ ሳትቀር በሙጫ ተለጥፋ፣ ቫርኒሽ ተቀብታ ታብለጨልጫለች።  ሌላ ቦታ የተረፈ እንዳይኖር ደግሞ፣ እሷን የምናድስበትን መሬት እኚሁ ዳይሬክተር አምና መኪና ማቆሚያ አድርገውታል። ያኔ ሁለት ቀን ጮሄ ደከመኝና ተውኩት። ለምን እንደተውኩት እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ቆመው «የማይሞት ቅርስ» እያሉ ይደሰኩራሉ። ጭራሽ እንባቸውን ጠረጉ! ደሜ ፈላ። ወንበር ጎትቼ ምስሉ ሥር አቆምኩና ወጣሁበት። ወረንጦዬን ከጋውኔ ኪስ አውጥቼ ከእትዬ ፀጉር ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ በማይክራፎኑ።

«እርስዎ ያበላሹትን እየለቀምኩ!»

«ይሄን ያህል የተለፋበት ሥዕል! አብደሻል እንዴ?»

«የምን ሥዕል? ዘር ነው! የሴትዮዋን ዕድሜ ነው ቫርኒሽ የቀቡት!»

ጥበቃዎቹ ጎትተው እስኪያወርዱኝ ድረስ የእትዬን ግማሽ ፀጉርና ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን አውጥቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ወንድሜ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ፣ በእንግዶቹ እግር መሃል ተንበርክኮ የወደቀውን በኮፍያው ይለቅማል። 

ቤት ወስደን ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፤ የእያንዳንዷን ልጣጭ በምላጭ ጫር አድርጌ እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘረጋኋት። ሁለት መቶ ስድስት ፍሬ። ከቀን ወደ ቀን ሻገቱ። በዘጠነኛው ቀን አራት በቀሉ። አራት ብቻ! እየሳቅኩ አለቀስኩ። በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ተክዬ መስኮቴ ሥር አሳደግኳቸው።

ፍሬያቸው ደርቆ በፈለፈልኩበት ቀን፣ ከሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው፣ ከዳይሬክተሩ ደብዳቤ መጣልኝ፦ «የተቋሙን ቅርስ ሆን ብለው በማውደምዎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።»

ደብዳቤውን አውጥቼ ጣልኩት። ፖስታው ግን ጥሩ ካኪ ነበር። ዘሩን አስገባሁበት፣ አፉን አጠፍኩና በእርሳስ ጻፍኩበት፦ «ጥቁር 17»።