ከቱታው ሥር

በጎልማሶች ትምህርት ክፍል አጠገቤ የሚቀመጡት ጋሼ ፊውዝ ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ረዳት ሆነው ነው ያረጁት። ከአንገታቸው እስከ ጆሯቸው ያለው ቆዳ ተጨማዶ ያብለጨልጫል። የቅጽል ስማቸውን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ «እኔ ስቃጠል ፋብሪካው ተረፈ» ይላሉ፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

ያን ጠዋት መምህራችን እስክትገባ ድረስ እንደ ልማዴ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ስለሆነችው ልጄ አወራቸው ነበር።

«ዛሬ ትልቁን የኤሌክትሪክ ሳጥን የምትከፍተው እሷ ናት» አልኳቸው። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ደግነቱ አዲስ ካናቴራ ገዝቼላት ከቱታው ሥር ለብሳለች። ሳጥኑ ያለበት ክፍል እንደ በረዶ ነው አሉ።»

«ምን ዓይነት ካናቴራ?»

«የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ። ታጥቦ ሳይሰጣ የሚደርቅ።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ናይሎን ነው በይኛ!»

«ቢሆንስ?»

አንገታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይህን ያደረገው እሳቱ መሰለሽ? ከሳጥኑ የወጣው እሳትማ መብረቅ ነው፤ ብልጭ አለ፣ ሄደ። እኔ ላይ የቀረው ሸሚዜ ነው። እንደ ሻማ ቀልጦ ቆዳዬ ላይ ተጣበቀ። ሐኪሞቹ ሲልጡት እኔንም አብረው ላጡኝ።»

«እሷ እኮ እሳት የማይበላው ቱታ ነው የምትለብሰው! የፊት መከለያም አላት!»

«ቱታው አይነድም፤ ሙቀቱ ግን ያልፋል። ከሥር ያለው ጥጥ ከሆነ፣ ጥጥ አይቀልጥም። ናይሎን ግን...»

አላስጨረስኳቸውም። ደብተሬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ደወልኩ፤ ደግሜ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ወደዚያ ክፍል ሲገቡ ስልካቸውን ዘግተው ውጭ ትተው እንደሚገቡ ነግራኛለች።

ታክሲው ሰው ካልሞላ አልሄድም አለ። ረዳቱን «ቶሎ በል፣ ልትቃጠልብኝ ነው!» አልኩት።

«ድስት ጥደው ነው የወጡት፣ እናቴ?» ብሎ ሳቀ።

«ልጄን ነው የጣድኩት።»

ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። ሾፌሩን «ንዳው!» አለው።

የፋብሪካው ዘበኛ በሩን በግማሽ ከፍቶ ቆመብኝ።

«ልጄን ጥራልኝ» አልኩት። «ያቺን ኤሌክትሪሺያኗን።»

«ሽቦን?» ቀጭን ስለሆነች እንዲህ እንደሚሏት አውቃለሁ። «አሁን አትወጣም፣ እናቴ። ሥራ ላይ ናት።»

«ሳጥኑን ከፍታዋለች?»

«እኔ ምን አውቄ? የእኔ ሥራ ይቺን በር መክፈት ነው።»

«እንግዲያው ክፈታታ! የለበሰችው ልብስ ያቃጥላታል!»

አልከፈተም፤ ግን ሬዲዮውን አንሥቶ «የሽቦ እናት መጥተዋል፤ ልብስ ምናምን ይላሉ» አለ። ከወዲያ በኩል ፎርማኑ ሲስቅ ሰማሁ። «መሐረብ ረስታ ነው?» አለ።

ሬዲዮውን ከእጁ ቀማሁት። የሚጫኑትን ቁልፍ ስለማላውቅ ዝም ብዬ ጮህኩበት። ዘበኛው ጣቱን ሰደድ አድርጎ ተጫነልኝ።

«ከቱታዋ ሥር ናይሎን ለብሳለች!»

ሳቁ ቆመ። «ሽቦን ጥሯት!» አለ ፎርማኑ።

ልጄ ወጣች። ያ ወፍራም ቱታ ሁለት እጥፍ አድርጓታል። የፊት መከለያውን በብብቷ ይዛለች፤ በንዴት ቀልታለች።

«እማዬ! ምን ነካሽ? እዚህ ሴት ብትይ እኔ ብቻ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሽቦ ቀርቶ ጡጦ ነው የሚሉኝ!»

«ይበሉሽ። ካናቴራሽን ዳስሺው።»

ጣቷን በአንገቷ በኩል ወደ ውስጥ አስገባች። ቀስ ብላ አወጣችው። ያ ሁሉ ቅላት ከፊቷ ላይ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«ናይሎን እንደማይለበስ ተምሬያለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ጠዋት ስትነዘንዢኝ በእንቅልፍ ልቤ አጠለቅሁት። አላየሁትም፣ እማዬ።»

«ከፍተሽው ነበር?»

«ልከፍተው ስል ነው የጠሩኝ። ዋናውን መስመር ቆርጠነዋል፤ ግን በመለኪያ እስካላረጋገጥን ድረስ ኃይል እንዳለው ነው የምንቆጥረው። አንዳንዴ የተቆረጠ ይመስልና አይቆረጥም።»

ሌላ ቅያሪ አልያዘችም። እኔ ግን ከቀሚሴ ሥር የጥጥ ካናቴራ ለብሻለሁ፤ ያረጀ፣ እጥበት ያሳሳው። ዘበኛውን ከጥበቃ ቤቱ አስወጣነው።

«ከገዛ ቤቴ?» አለ።

«ዞር በል፣ አባቴ» አልኩት። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆመ።

የቀሚሴን ቁልፎች መፍታት አቃተኝ። እሷ ፈታችልኝ።

«ይሰፋኛል» አለች ስታጠልቀው።

«በልክሽ የሚቀልጥ ይሻልሻል?»

ፎርማኑ ውጭ ይጠብቃት ነበር። ዓይኔን ማየት ፈርቷል። «ከላይ ያለውን ሁሉ ፈትሼ ነበር» አለ። «ከሥር ምን እንደለበሱ አልጠየቅሁም።» ይዟት ገባ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ «ማንም ሳጥኑ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ! ሁላችሁም አንገታችሁን ክፈቱልኝ!» እያለ ሲጮኽ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማም። ዘበኛው ወንበሩን ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም። ካናቴራ ቀየርኩላት እንጂ እሳቱን አላጠፋሁትም። እጇን ይዤ «ቤታችን እንሂድ» ማለት ስችል በገዛ አፌ «በይ ግቢ» ብዬ ሰደድኳት። ምን ላድርግ? ሥራዋ ነው። ስለዚያ ሳጥን ስታወራ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አይቼዋለሁ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የፎርማኑ ድምፅ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ሞቷል።»

ሞቷል እንጂ ሞታለች አላለም፤ ግን በዚያች ሰዓት ለእኔ ጆሮ ወንድ የለ፣ ሴት የለ። መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

«ኤሌክትሪኩ ነው፣ እናቴ! ኤሌክትሪኩ!» ዘበኛው በክንዴ ይጎትተኛል። «ለክተውት ኃይል የለውም ማለታቸው ነው! አሁን ያለ ሥጋት ይሠራሉ። እኛ እዚህ እንዲህ ነው የምንለው።»

«ሌላ ቃል አጣችሁ?» አልኩት።

ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። «እናትየው መሬት ላይ ናቸው። ሽቦ ራሷ ትናገር።»

ከዚያ የልጄ ድምፅ ከመከለያው ውስጥ ታፍኖ መጣ።

«እማዬ፣ አለሁ።»

ዘበኛው ቁልፉን ተጭኖ ሬዲዮውን ወደ አፌ አመጣልኝ። የምለው ብዙ ነበር።

«ድገሚው» አልኳት።

«አለሁ አልኩሽ እኮ!» አለች። ከኋላዋ ወንዶቹ ሲስቁ ይሰማል።